ሳህኑ ዞረ፤ ውሃውስ?

ለማስተማር ልምምድ ለሚ በነበርንበት ጊዜ የኢነርሺያን ትምህርት የጀመርነው ከመንገዱ ነው። ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ በአውቶቡስ የሄደ ሁሉ፣ መኪናው ሲታጠፍ ገላው ቀጥ ብሎ ሊሄድ እንደሚሻ ያውቀዋል። ተማሪዎቹም ወዲያው ገባቸው። ቀጥሎ አንዲት ተማሪ፣ «መምህር፣ ሳህን ብናዞር ውስጡ ያለው ውሃ አብሮ ይዞራል?» ብላ ጠየቀች። እኛም ሳናስብ «አዎን፣ ይዞራል» አልናት። ተሳስተን ነበር።

ውድ ዕጩ መምህራን፣ እናንተም ሞክሩት። በጎድጓዳ ሳህን ውሃ ቅዱና አንዲት የገለባ ስንጣሪ ከጠርዙ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ አንሳፉ። በገለባው ትይዩ ጠርዙን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ሳህኑን ሩብ ዙር ቶሎ አዙሩት። ምልክቱ ይዞራል፤ ገለባው ግን ከነበረበት እምብዛም አይነቃነቅም። ውሃው ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው።

በዚሁ ጠባይ የሚሠራ የዙረት መለኪያ አለ። በውሃ ፈንታ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፈሳሽ፣ ለምሳሌ ባዝቃ፣ በቀለበት መሰል ቦይ ውስጥ ይሞላል። መግነጢሱ ከማቀፊያው ጋር የታሰረ ነው። ማቀፊያው ድንገት ሲዞር መግነጢሱ አብሮ ይዞራል፤ ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀራል። አስተላላፊ ነገርና የመግነጢስ መስክ እንዲህ ሲተላለፉ ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. የደረሰበት ሕግ ይኸው ነው። ዙረቱ ሲፈጥን ቮልቴጁም ይጨምራል። መጠኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ ግን ከፍ ተደርጎ ይነበባል።

ምን ይጠቅማል? ሳተላይትን እንውሰድ። 600 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ካሜራ በአንድ ዲግሪ አንድ ሺሕኛ ብቻ ቢዛነፍ፣ መሬት ላይ የሚያየው ቦታ 10 ሜትር ያህል ይሸሻል። ሥዕሉ እንዳይደበዝዝ ይህን የመሰለ ጥቃቅን ንቅናቄ መለካት ያስፈልጋል። በመኪና ግጭት ሙከራም የአሻንጉሊቱ ጭንቅላት ምን ያህል በፍጥነት እንደዞረ እንዲህ ባለ መሣሪያ ሊለካ ይችላል።

መሣሪያው ጉድለት የለውም ማለት ግን አይደለም። ሳህኑን በዝግታ ለረጅም ጊዜ ብታዞሩት፣ በሰበቃ ምክንያት ውሃው ቀስ በቀስ ሳህኑን ተከትሎ ይዞራል። ባዝቃውም እንደዚያው ነው፤ ከመግነጢሱ ጋር እኩል ሲዞር ቮልቴጁ ይጠፋል። ስለዚህ መሣሪያው ለፈጣን ንቅናቄ እንጂ ለዝግተኛና ለማያቋርጥ ዙረት አይሆንም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የባዝቃ ትነት መርዝ ነው፤ ወደ ክፍል አታምጡት። ሳህንና ውሃ ይበቃል።

በማግስቱ ሳህኑን ይዘን ገብተን፣ ስሕተታችንን በተማሪዎቹ ፊት አረምን። ማፈሩስ አልቀረም፤ ነገር ግን የዚያን ቀን ያህል ጸጥ ብለው የተከታተሉን ጊዜ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ውሃው አብሮ እስኪዞር ድረስ ሳህኑን አዙረን በድንገት ብናቆመው ገለባው ምን ይሆናል? መሣሪያውስ ያን ጊዜ ቮልቴጅ ይሰጣል? መልሱን ከመጻፋችሁ በፊት ሞክሩት፤ እኛ ያፈርነው ሳንሞክር በመመለሳችን ነው።