መጽሐፉ ከሣጥን ይውጣ! የቀበሌ ቤተ መጻሕፍት አመሠራረትና አያያዝ

ፊደል ቆጥራችኋል። ቃል አንብባችኋል። ስማችሁንም በገዛ እጃችሁ ጽፋችኋል። ታዲያ ከዚህ በኋላስ? የመማሪያው መጽሐፍ ሲያልቅ ምን ይነበባል? የዛሬው ትምህርታችን በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ለምን ያስፈልጋል?

ማንበብ እንደ ማረሻ ነው። በሥራ ላይ ያለ ማረሻ ያበራል፤ ጥግ የተጣለ ይዝጋል። ፊደል የቆጠረ ሰውም የሚያነበው ካጣ ቀስ በቀስ ይረሳል፤ ተመልሶም ማይም ይሆናል።

በሀገራችን ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ፣ ትምህርቱ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ዘመቻው በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። በየገጠሩም የንባብ ቤቶች ተከፍተው ነበር። የንባብ ቤት ያስፈለገው፣ ፊደል ማስቆጠር የሥራው ግማሽ ብቻ ስለሆነ ነው። ሌላው ግማሽ የሚነበብ ነገር ለአንባቢው እጅ ማድረስ ነው።

የረሳ ሰው ጉዳቱ ምንድን ነው? እናት የልጇን የክትባት ካርድ ለማንበብ ሰው ትለምናለች። ገበሬው የፀረ ተባዩን ማሸጊያ ማንበብ ያቅተውና ከተረጨ ስንት ቀን በኋላ እህሉ እንደሚበላ አያውቅም። የብድር ወረቀት ሲመጣም ያልገባውን ነገር በአውራ ጣቱ ይፈርማል። እንግዲህ ቤተ መጻሕፍት የከተማ ጌጥ ሳይሆን የገበሬ መሣሪያ ነው ማለት ነው።

ከትልቅ ቤት አንጀምር

ብዙ ሰው ቤተ መጻሕፍት ሲባል ትልቅ የድንጋይ ቤት ይታየዋል። «ገንዘብ ከየት ይመጣል?» ብሎም ገና ሳይጀመር ይተወዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

በጎረቤታችን በኬንያ፣ በጋሪሳ፣ የሀገሪቱ ብሔራዊ የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በ1996 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው በ3 ግመሎች ነው። ግመሎቹ የመጽሐፍ ሣጥንና ድንኳን ጭነው ወደ አርብቶ አደሩ ይሄዳሉ። በእኛም ሀገር አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት በሐዋሳ ሥራ ጀመረ። አህያ በየቀበሌው አለ። ሣጥንም በየቤቱ አለ።

አሁን ወደ ሒሳብ እንምጣ። 40 መጽሐፍ አላችሁ እንበል። አንዱ መጽሐፍ ለ15 ቀን ይዋሳል። በወር 2 ሰው ያነበዋል ማለት ነው።

40 × 2 = 80 በወር
80 × 12 = 960 በዓመት

በ40 መጽሐፍ በዓመት እስከ 960 ጊዜ ንባብ ተገኘ። በሌላ ቀበሌ ደግሞ 400 መጽሐፍ ተቆልፎ ተቀምጧል እንበል። የእሱ ሒሳብ ስንት ነው? ዜሮ! ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት የሚለካው ባስቀመጠው መጽሐፍ ብዛት ሳይሆን ባዋሰው ነው።

ሥራው ደረጃ በደረጃ

1ኛ. ኮሚቴ ይመረጥ። 5 ሰው ይበቃል። ከአምስቱ ቢያንስ 2 ሴቶች ይሁኑ፤ ማን ምን ማንበብ እንደሚፈልግ እነሱ ካልነገሩን ግማሹን ሕዝብ ረሳን ማለት ነው። ከአዲስ አንባቢዎችም አንድ ሰው ይግባ።

2ኛ. ቁልፉ ሁለት ይሁን። ቁልፍ በአንድ ሰው ኪስ ከሆነ ሰውየው ወረዳ ስብሰባ የሄደ ቀን ቤቱ ይዘጋል። ሁለት ጠባቂ፣ ሁለት ቁልፍ ይኑር።

3ኛ. ቦታው ሰው ያለበት ይሁን። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ከሆነ ጉዳይ የሌለው ሰው አይገባም። ገበያ መግቢያ፣ ትምህርት ቤት አጠገብ ይሻላል። ወፍጮ ቤት አካባቢም ጥሩ ነው፤ ዱቄቱ እንዳይደርስበት ትንሽ ራቅ ይበል እንጂ። ሴቶች የወፍጮ ተራ እስኪደርሳቸው ብዙ ሰዓት ይጠብቃሉ። ያ ሰዓት የንባብ ሰዓት ይሁን።

4ኛ. ሰዓቱ ከሥራው ጋር ይስማማ። በአዝመራ ጊዜ ከጧቱ 3 ሰዓት ቢከፈት ማን ይመጣል? በገበያ ቀን፣ እርሻ በማይታረስበት የበዓል ቀን፣ ሙስሊም ወገኖች ባሉበት ደግሞ ከዓርብ ስግደት በኋላ ይከፈት። ቀኑ በወረቀት ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍ። የተለጠፈው ቀን ደግሞ ይከበር። ሁለት ጊዜ መጥቶ ዝግ በር ያገኘ ሰው ሦስተኛ አይመጣም።

5ኛ. መጽሐፉ ተመርጦ ይግባ። «በነፃ ተሰጠን» ተብሎ ማንም የማያነበውን መጽሐፍ መደርደሪያ ማስያዝ አይገባም። ፊደሉ ጎላ ያለ፣ በአካባቢው ቋንቋ የተጻፈ ይቅደም። ስለ እርሻ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ጤና፣ ስለ ሕፃናት አያያዝ፣ ተረትና ታሪክ፣ የተማሪ መማሪያም ይኑር። የግብርና ባለሙያዋንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ፤ የሚሰጡት ጽሑፍ አያጡም።

6ኛ. ከምስጥ፣ ከዝናብና ከአይጥ ይጠበቅ። መደርደሪያው ከባሕር ዛፍ ሊሠራ ይችላል። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ። እግሮቹ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ይቁሙ፤ ምስጥ በዚያ አይወጣም። ዘይቱ ልጆች እንዳይነኩት ይከለል። በሳምንት አንድ ቀን መጻሕፍቱ ወጥተው ይራገፉ።

የውሰት መዝገብ

አንድ ደብተር ግዙና በ5 ዓምድ አስምሩት፤
ሀ. የመጽሐፉ ቁጥርና ስም
ለ. የወጣበት ቀን
ሐ. የተዋሰው ሰው ስም
መ. የተዋሰው ሰው ፊርማ
ሠ. የተመለሰበት ቀን

የተዋሰው ሰው ስሙን ራሱ ይጻፍ። ቀስ ብሎ ይጻፍ፤ ጠባቂው አይቸኩልበት፣ ብዕሩንም አይንጠቀው። ይህችም ትምህርት ናት።

«ቢጠፋስ?»

ይህ ጥያቄ በየስብሰባው ይነሳል። ሽማግሌዎች፣ «ልጄ፣ የሕዝብ ንብረት ነው፤ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል?» ይላሉ። ጥያቄው ትክክል ነው። ጠባቂው ለእያንዳንዱ የጠፋ መጽሐፍ ከኪሱ የሚከፍል ከሆነ ግን ሣጥኑን ቆልፎ መቀመጥ ይመርጣል። ታዲያ ቢፈረድበት ትክክል ነው?

ስለዚህ ሕጉ አስቀድሞ በጉባኤ ይወሰን። በቸልተኝነት ያጠፋ ሰው ይተካ። ዝናብ ወይም እሳት ያጠፋው በኮሚቴው ታይቶ ይታለፍ። ደንቡን ጠብቆ ያዋሰ ጠባቂ አይጠየቅ። መያዣ ገንዘብ ግን አትጠይቁ፤ መያዣ ከተጠየቀ ድሃው ገበሬ በሩ ላይ ይቀራል። አንብቦ አንብቦ ያረጀ መጽሐፍ ደግሞ ኪሳራ አይደለም፤ ሥራውን ሠርቷል።

ለደብተር፣ ለእስክሪብቶና ለመብራት የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ከእድሩ ወይም ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ይጠየቅ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አይደል የሚባለው? በየወሩም ስንት ወጣ፣ ስንት ተመለሰ፣ ስንት ጠፋ ተብሎ ለሕዝቡ ይነገር።

ማንበብ ለማይችለውስ?

እሱም ድርሻ አለው። አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ያዳምጥ። ቡና በሚጠጣበት ሰዓት ሁለት ገጽ ማንበብ ይቻላል። ውሃ መቅዳትና ልጅ ማሳደግ ፋታ የማይሰጣት እናት መምጣት ካልቻለች፣ ትምህርት ቤት የሚውለው ልጇ መጽሐፉን ይዞላት ይግባ፤ አንብባ ስትጨርስ እሱው ይመልሰው።

ውድ አንባቢያን! እኛ ተማሪዎች የክረምቱ ትምህርት ሲያልቅ በመስከረም ወደ ትምህርት ቤታችን እንመለሳለን። ተማሪ ብቻውን የያዘው ቤተ መጻሕፍት ተማሪው በሄደ ማግስት ይዘጋል። ስለዚህ መዝገቡን ዛሬውኑ ተረከቡ፤ እኛ እያለን እናንተ አዋሱ፣ እናንተ ጻፉ፣ ስትሳሳቱ አብረን እናርም። ቁልፉ ከእናንተ ጋር ይቅር።

መልመጃ

1. 60 መጽሐፍ ያለው ቤተ መጻሕፍት አንዱን መጽሐፍ ለ10 ቀን ቢያውስ፣ በ30 ቀን ስንት ጊዜ ማዋስ ይችላል?
2. በቀበሌያችሁ ሰው በብዛት የሚገኝበት ቦታና ቀን የትና መቼ ነው?
3. ሁለቱን ቁልፎች የሚይዙት እነማን ይሁኑ? ለምን? በቡድን ተወያዩና በደብተራችሁ ጻፉ።