የታብሌትን የፋብሪካ ከርነል ስለ መመለስ



ለማስተማር ልምምድ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ ትምህርት ቤቶች ወጥተን ስንመለስ ይዘናቸው ከመጣናቸው ጥያቄዎች አንዱ የሚከተለው ነበር። ተማሪው ወይም ከተማሪው በፊት የነበረው ባለቤት ውስጡን የለዋወጠው ታብሌት እጃችን ላይ ሲወድቅ ምን እናድርግ? አብዛኞቻችን የምናውቀው መልስ አንድ ነው፤ ገበያ ዳር ላለው ሞባይል ጠጋኝ ሰጥቶ «ፍላሽ አድርግልኝ» ማለት። ይህ መልስ አንዳንዴ ያድናል፤ አንዳንዴ ደግሞ ያጠፋል። እኛ በገዛ እጃችን አጥፍተንበታል። ስለሆነም ሌላው እንዳይደግመው የተማርነውን እነሆ በዚህ ጽሑፍ አቅርበናል።

የጽሑፉ ዋና ሐሳብ አጭር ነው። የፋብሪካውን ከርነል መመለስ ጥገና የሚሆነው የተለወጠው ከርነሉ ሲሆን ብቻ ነው። የተለወጠው ሌላ ሆኖ ከርነሉን ብንነካ ግን ያልታመመውን ማከም ይሆናል።

1. ከርነል ምንድነው?

ታብሌት ሁለት ዳርቻ አለው። በአንደኛው ዳርቻ የሚዳሰሰው ዕቃ ይገኛል፤ መስታወቱ፣ ባትሪው፣ ካሜራው፣ የዋይፋዩ አንቴና። በሌላው ዳርቻ እኛ የምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞች አሉ፤ ድምፅ መቅጃው፣ መጽሐፍ ማንበቢያው፣ ጨዋታው። ፕሮግራሙ ካሜራውን በቀጥታ ማዘዝ አይችልም። በመካከል ሆኖ የፕሮግራሙን ጥያቄ ለዕቃው የሚያደርሰው፣ የፕሮሰሰሩን ጊዜና የሜሞሪውን ቦታ ለየፕሮግራሙ የሚያከፋፍለው ክፍል ከርነል ይባላል።

የሞጣ ልጆች ሰባራ ድልድይን ያውቁታል። በአፄ ፋሲል ዘመን በዓባይ ላይ እንደ ተሠራ የሚነገርለት ይህ የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ የጎጃምና የጎንደር ዳርቻዎች ደህና ሆነው ሳለ፣ ሰው በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በብረት ተጠገነ፤ ኋላም ጎርፍ ስለ ወሰደው በተንጠልጣይ ድልድይ ተተካ። ከርነልም እንዲሁ ነው። ዕቃው ደህና፣ ፕሮግራሙ ደህና ሆኖ መካከሉ ከተበላሸ ምንም አይሻገርም። ደግሞም ድልድይ ከሁለቱም ዳርቻ ጋር መግጠም አለበት፤ ለአንዱ ብቻ የገጠመ ድልድይ ድልድይ አይባልም። ይህችን ነጥብ አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

የአንድሮይድ ከርነል ሊኑክስ ነው። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ዕድሜው 21 ዓመት ነበር፤ ማለትም የእኛ እኩያ ማለት ነው። ሊኑክስ የሚሠራጭበት ፈቃድ ማንም ሰው ውስጡን አይቶ እንዲለውጠው ይፈቅዳል። ከርነሉን ለውጦ ለሌላ የሚያድልም የለወጠውን ጽሑፍ እንዲያካፍል ግዴታ ይጥልበታል። እንግዲህ «የተለወጠ ከርነል» ሁሉ የተንኮል ሥራ አይደለም። አንዳንዱ ፍጥነት ለመጨመር፣ አንዳንዱ ባትሪ ለመቆጠብ የተሠራ ነው። ፋብሪካው ከመሣሪያው ጋር አብሮ የሰጠውን ከርነል ግን ጠጋኞች «ስቶክ» ይሉታል።

2. ወንጪና ወለንጪቲ

በአገራችን ስለ ተለወጠ ታብሌት ሲወራ ከሁሉ በላይ የሚነሣው ታሪክ የወንጪና የወለንጪቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ ገጠር ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ሞቶሮላ ዙም የተባለውን ታብሌት አደለ። ለየቦታው 20 ያህል ነበር። ባትሪው በፀሐይ ኃይል ይሞላ ነበር። አስተማሪ አልተመደበም። በየሳምንቱ አንድ ባለሙያ እየሄደ የማስታወሻ ካርዱን ይለውጥና ልጆቹ ምን እንደ ነኩ ከካርዱ ይነበብ ነበር።

የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር አሜሪካ ውስጥ ለስብሰባ እንደ ተናገሩት፣ አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ማብሪያውን አገኘ፤ በ5 ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን በአማካይ 47 ፕሮግራም ይከፍት ነበር፤ በ2 ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር፤ በ5 ወር ደግሞ «አንድሮይድን ሰበሩት»። ምን ማለታቸው ነው? ካሜራው በራሳቸው ሰዎች ተዘግቶ ነበር፤ ልጆቹ ከፈቱት። የፊት ገጹም እንዳይለወጥ ተቆልፎ ሳለ፣ ልጆቹ ግን እያንዳንዳቸው በየፊናቸው እንደ ወደዱት አስጌጡት።

አሁን ልብ እንበል። ልጆቹ የነኩት ከርነሉን አይደለም፤ የላይኛውን ደርብ ነው። ድልድዩ ሙሉ በሙሉ ደህና ነበር። ያን ጊዜ አንድ የተቆጣ አስተማሪ ተነሥቶ «ተበላሽቷል» ብሎ ሁሉንም ወደ ፋብሪካው ይዞታ ቢመልስ ኖሮ፣ ምንም ብልሽት ሳይጠግን የአምስት ወር ሥራ ባጠፋ ነበር።

3. ደርቡን መለየት

በመሆኑም ከሁሉ በፊት የተለወጠው የትኛው ደርብ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ሀ/ የላይኛው ደርብ፦ ምርጫዎች፣ የተጫኑ ፕሮግራሞች፣ የፊት ገጽ። ምልክቱ መልኩ መለወጡ፣ ማስታወቂያ መብዛቱ፣ ቋንቋው መዘበራረቁ ነው። መድኃኒቱ ምርጫውን ማስተካከል ወይም አስቸጋሪውን ፕሮግራም ማንሣት ብቻ ነው።

ለ/ ሲስተሙ፦ አንድሮይድ ራሱ ማለት ነው። «ሩት ማድረግ» የሚባለው የባለሥልጣንነት ፈቃድ መውሰድ ብዙ ጊዜ እዚህ ይነካል፤ በአዳዲሶቹ መሣሪያዎች ግን ከርነሉ ያለበትን ክፍልም ይነካል።

ሐ/ ከርነሉ፦ ምልክቱ ታብሌቱ ያለምክንያት መጋል፣ በራሱ ጠፍቶ መነሣት፣ ዋይፋዩ ወይም ድምፁ ጨርሶ አለመሥራት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ያረጀ ባትሪም እንዲህ ያደርጋልና በምልክት ብቻ አይፈረድም። በምርጫዎች ውስጥ «ስለ ታብሌቱ» የሚለውን ከፍተን የከርነሉን ቁጥር እናንብብ። የተለወጠ ከርነል ብዙ ጊዜ የለዋጩን ስም በቁጥሩ ላይ ይዞ ይገኛል።

መ/ ቡትሎደሩ፦ ታብሌቱ ሲበራ በመጀመሪያ ነቅቶ ከርነሉን የሚያስነሣ የበር ዘበኛ ነው። ተቆልፎ ከሆነ የፋብሪካው ማኅተም የሌለውን ከርነል አያስገባም። ቁልፉን መክፈት ደግሞ በአብዛኛው መሣሪያ ላይ የተጠቃሚውን ፋይል ሁሉ ያጠፋል።

4. እኛ የሠራነው ስሕተት

ቢቸና በልምምድ ላይ ሳለን ከውጭ አገር የመጣ አንድ አሮጌ ዙም ታብሌት ነበረን። የስድስተኛ ክፍል ልጆች ለአማርኛ ትምህርት ከአንዲት አሮጊት 11 ተረት ቀድተውበታል። ታብሌቱ ግን እየጋለ በራሱ ይጠፋል። የከርነሉን ቁጥር ስናይ የፋብሪካው አልነበረም፤ የቀድሞው ባለቤት ፕሮሰሰሩ ከተሠራበት ከ1 ጊጋኸርዝ በላይ እንዲሮጥ አድርጎታል። ምርመራችን እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበር።

ቀጥሎ ግን ቸኮልን። ስሙ ስለ ተመሳሰለ ብቻ የሌላ ቁጥር ሲስተም ከርነል ጻፍንበት። መጋሉ ቆመ፤ ዋይፋዩ ግን ሞተ። ምክንያቱን ኋላ ነው የተረዳነው። የዋይፋዩን ዕቃ የሚነዳው ቁራጭ ሞጁል ይባላል፤ በዚህ ታብሌት ላይ የሚቀመጠው በሲስተሙ ውስጥ እንጂ ከከርነሉ ጋር አይደለም። የከርነሉና የሞጁሉ ቁጥር ካልተገናኘ ከርነሉ ሞጁሉን አይቀበልም። ድልድዩ በአንደኛው ዳርቻ ገጥሞ በሌላው ሳይገጥም ቀረ ማለት ነው።

የዚያን ጊዜ መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ ከሲስተሙ ጋር አንድ ቁጥር ያለውን ከርነል ፈልጎ እንደገና መጻፍ። የልጆቹ ፋይል በተለየ ክፍል ስለሚቀመጥ አይነካም ነበር። እኛ ግን ደንግጠን «ሁሉንም አጥፋ» የሚለውን ተጫንነው። ዋይፋዩ ተመለሰ። ተረቶቹ ጠፉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ያፈሰስነውን ግን ሙሉ በሙሉ መልቀም አልቻልንም። ልጆቹ እንደገና ሄደው ስምንቱን ቀዱ። ሦስቱን እማማ ራሳቸው «ኧረ የትኛውን ነግሬያችሁ ነበር? ረሳሁት እኮ ልጆቼ» አሏቸው።

5. የአሠራሩ ቅደም ተከተል

ሀ/ መጠየቅና መጻፍ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ለወጠ ይጠየቅ። የመሣሪያው ሞዴል፣ የሲስተሙና የከርነሉ ቁጥር በደብተር ይመዝገብ።

ለ/ ቅጂ ማውጣት። የልጆቹ ሥራ በገመድ ወደ ኮምፒዩተር፣ ከዚያም ወደ ፍላሽ ዲስክ ይገልበጥ። ቅጂው መከፈቱ ሳይረጋገጥ ወደሚቀጥለው አይታለፍም።

ሐ/ ኃይል። የታብሌቱ ባትሪ ከግማሽ በላይ ይሞላ። መብራት በመካከል ቢጠፋ ሥራው እንዳይቋረጥ በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ሳይሆን ባትሪ ባለው ላፕቶፕ ይሠራ።

መ/ ትክክለኛው ፋይል። ሞዴሉም ቁጥሩም አንድ የሆነ፣ ከአምራቹ የተገኘ ይሁን። ከርነሉ ብዙ ጊዜ «ቡት» በሚባል ፋይል ውስጥ ነው። ኢንተርኔት በማይገኝበት ቀን እንዳንቸገር አስቀድሞ ወርዶ በትምህርት ቤቱ ይቀመጥ።

ሠ/ መጻፍ። እንደ ዙም ባሉት ላይ ታብሌቱን «ፋስትቡት» በሚባለው ሁኔታ አስነሥቶ በገመድ ከኮምፒዩተር ማገናኘት ነው። ትእዛዙ ሲነበብ «ፋስትቡት ፍላሽ ቡት» ይልና የፋይሉ ስም ይከተለዋል፤ ሲጻፍ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። መሣሪያው ከፈቀደ ግን ከመጻፍ በፊት «ፋስትቡት ቡት» በሚለው ትእዛዝ ከርነሉን ለጊዜው ማስነሣት ይቻላል፤ ካልተስማማ ማጥፋትና ማብራት ብቻ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። በሚዲያቴክ ፕሮሰሰር የተሠሩት ርካሽ ታብሌቶች ሌላ መጻፊያ ፕሮግራም አላቸው። በዚያ ላይ «ማውረድ ብቻ» የሚለው ይመረጥ። «ሁሉን ፎርማት አድርጎ ማውረድ» የሚለው የልጆቹን ፋይል ብቻ ሳይሆን የመሣሪያውን መለያ ቁጥር ጭምር ሊያጠፋ ይችላልና አይነካ።

ረ/ መፈተን። ዋይፋይ፣ ካሜራ፣ ድምፅ፣ መስታወቱን መንካት፣ ተኝቶ መነሣት አንድ በአንድ ይሞከሩ። ሁሉም ክፍል የፋብሪካው መሆኑ ሳይረጋገጥ ቡትሎደሩ እንዳይቆለፍ፤ ዘበኛው የማያውቀውን ከርነል ውስጥ ካገኘ ታብሌቱን ጨርሶ ላያስነሣው ይችላል።

6. ለመምህሩ

የበሽታውን ስም የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አንድ ልጅ የነካውን የሚነግረን ካልፈራን ብቻ ነው። ታብሌት ለወጠ ብለን ብንቀጣው በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቃል፤ እኛም በጨለማ እንጠግናለን። ይልቅስ «ምን አደረግህ? እስቲ አሳየን» ብንለው የምርመራው ግማሽ አለቀ ማለት ነው። ልጁም ለውጡን እንዴት መመለስ እንደሚቻል አብሮን ቢሠራ ከመጽሐፍ የማያገኘውን ያገኛል።

የፋብሪካውን ከርነል መመለስ ሥርዓት ለማስያዝ የሚሰጥ ቅጣት አይደለም፤ መሣሪያው እንደገና የሚታመን መሠረት እንዲያገኝ ነው። የሚታመን መሠረት የምንፈልገውም በላዩ ላይ ልጆች እንዲሠሩበት ነው። የሠሩትን አጥፍቶ መሠረቱን ብቻ የሚያድን ጥገና ለማን ተጠገነ ይባላል?

የመልመጃ ጥያቄዎች

1/ የወንጪና የወለንጪቲ ልጆች የለወጡት የትኛውን ደርብ ነው? ከርነሉን መመለስ ለምን ትክክለኛ መድኃኒት አይሆንም ነበር?

2/ ከርነሉ ተመልሶ ዋይፋዩ ቢሞት በመጀመሪያ ምን ትመረምራላችሁ?

3/ «ፍላሽ አድርግልኝ» ከማለታችን በፊት ጠጋኙን የምንጠይቃቸውን ሦስት ጥያቄዎች ጻፉ።

4/ በልምምድ ትምህርት ቤታችሁ ታብሌት ካለ የሞዴሉን፣ የሲስተሙንና የከርነሉን ቁጥር መዝግባችሁ አምጡ፤ በሚቀጥለው እትም በአንድ ሠንጠረዥ እናወጣዋለን።

ከቢቸናና ከሞጣ የማስተማር ልምምድ ቡድን