አማካሪዋ “ክርክሩ አልጠራም” ሲሏት

ጥያቄ፦ ስዊድን ውስጥ ቮርቢ ጎርድ የምትኖር አንዲት አንባቢ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፏን በእንግሊዝኛ እየጻፈች ነው። አማካሪዋ “ክርክሩ አልጠራም” እያሉ ይመልሱባታል። ከፍላ የምታሳርመው ሰው ትፈልግ?

መልስ፦ አትቸኩል። አማካሪዋ የጠየቁት ሰዋስው አይደለም፤ ሐሳቡ ከሐሳብ እንዲያያዝ ነው። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲዋ ያለውን ነጻ የጽሑፍ ምክር ትሞክር። በስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲም ሆነ ቮርቢ ጎርድ ባለበት በሁዲንጌ፣ ፍሌሚንግስቤሪ በሚገኘው ሶደርቶርን ዩኒቨርሲቲ ይህ አገልግሎት አለ። ባለሙያዎቹ ግን ስሕተት እየለቀሙ አያርሙም፤ ተማሪውን እያነጋገሩ ራሱ እንዲያርም ያግዙታል። ይህ ብዙዎችን ያሳዝናል፤ ጥቅሙ ግን እዚያው ላይ ነው።

ከምክሩ ቀጠሮ በፊት እያንዳንዱ አንቀጽ የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር በኅዳጉ ላይ ትጻፍ፤ በአማርኛም ቢሆን። ከዚያ እነዚያን ብቻ በተከታታይ ታንብባቸው። ለምሳሌ ሦስተኛው አንቀጽ ስለ ስደተኞች ሥራ አጥነት፣ አራተኛው ስለ ቃለ መጠይቅ ዘዴ ከሆነ፣ ክሩ የተበጠሰው እዚያ ነው። ዋናውን ነጥብ ለመጨረሻ ማቆየት ለተረት ያምራል፤ የጥናት አንባቢ ግን መግቢያው ላይ ይፈልገዋል።

በስዊድን የመመረቂያ ጽሑፍ በሴሚናር ሲቀርብ ሌላ ተማሪ አንብቦ ይሞግታል። ስለዚህ ጽሑፏን ከወዲሁ ለክፍል ጓደኛዋ ትስጥ፤ ዲቫ በተባለው የዩኒቨርሲቲዎች ማከማቻም በትምህርት ክፍሏ ያለፉ ሁለት ሦስት ሥራዎችን ታንብብ።