«ዶክተር፣ ስልኬ ምን ያደርግላችኋል?»

ልጃቸው በኩፍኝ ተጠርጥሮ የሚመጡ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ የክትባት ካርድ... ልጁ በትኩሳት እየነደደ ይሄ ሁሉ ጥያቄ ያበሳጫል። አይፈረድባቸውም፤ ምክንያቱን ቁጭ ብለን አናስረዳቸውማ።

ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ አንድ ማታ ተረኛ ሆኜ የሁለት ዓመት ልጅ አየሁ። ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ ሳል፣ የቀላ ዓይን። ኩፍኝ መሆኑን ጠርጥሬያለሁ። አክሜ ሸኘሁት፤ የሪፖርት ቅጹን ግን «ነገ እሞላዋለሁ» ብዬ ተውኩት። መዝገቡ ላይ አድራሻው «አዲስ አበባ» ብቻ ነበር የሚለው። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ከዚያው ግቢ ሦስት ልጆች መጡ። አንዷ የስምንት ወር ሕፃን ናት፣ ለክትባቱ ገና ያልደረሰች። የሳንባ ምች ይዟት ኦክስጅን ላይ ሰነበተች። ተርፋለች፤ እናቷ «የጎረቤት ልጅ ታሞ ነበር» ስትለኝ ግን የትኛው ልጅ እንደሆነ አውቄ ነበር።

ኩፍኝ በሀገራችን ወዲያውኑ ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች አንዱ ነው። የላብራቶሪ ውጤት አይጠበቅም፣ ጥርጣሬው ይበቃል። ትኩሳትና ሽፍታ ኖሮ ሳል፣ ንፍጥ ወይም የዓይን መቅላት ከታየ፣ የሆስፒታሉ የበሽታ ቅኝት ባለሙያ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ አለበት። ከዚያ ባለሙያዎች ሰፈራችሁ መጥተው ሌላ የታመመ ወይም ያልተከተበ ልጅ ይፈልጋሉ። በአንድ ወረዳ በአንድ ወር ውስጥ 5 ተጠርጣሪ ከተገኘ ወረርሽኝ ይጠረጠራል። አድራሻው ከሌለ ግን አምስቱ ልጆች በአምስት ሐኪም መዝገብ ላይ ተበታትነው ይቀራሉ።

(የፖሊዮ ቅኝትም ተመሳሳይ ነው። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ ድንገት ሲዝል ሁለት ጊዜ የሰገራ ናሙና የምንጠይቀው ለዚህ ነው። ሌላ ምክንያት ቢመስለንም እንጠይቃለን።)

«ኩፍኝ መርፌ አይወድም» ብለው የደም ናሙና የሚከለክሉኝ እናቶች አሉ። ትንሽ ደም መውሰድ በሽታውን አያብሰውም። ልጁ በሁለት ተከታታይ ቀናት የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ደግሞ የሚዋጥ ነው፤ ዓይኑንም ሕይወቱንም ይጠብቃል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሽፍታ ያለበት ልጅ ይዛችሁ ስትመጡ ካርድ ክፍል ወረፋ ላይ አትቀመጡ። ቫይረሱ ልጁ ከወጣ በኋላ እንኳ ክፍሉ አየር ውስጥ እስከ 2 ሰዓት ይቆያል። በሩ ላይ ለጥበቃው ወይም ለነርሷ «ሽፍታ አለው» በሉ፣ ለብቻው ታስተናግዳችኋለች። ልጁ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ ከወጣ በኋላ እስከ 4 ቀን ያስተላልፋል፤ ስለዚህ በእነዚያ ቀናት አብሮት የተጫወተውን፣ መዋያውንም ጭምር ንገሩን።

የክትባት ካርዱን ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። የኩፍኝ ክትባት በ9ኛው እና በ15ኛው ወር ነው፤ ሁለተኛውን የረሳችሁ ካላችሁ ነገ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።