ሚጣዬ፣ ቁጥሩን ማን ቆጠረው?

ሚጣዬ፣ እስቲ ጠጋ በይልኝ፣ የጻፍሽውን ልየው። የዘመናዊ ሕንድ ታሪክ ምንጮች የመንግሥት መዛግብት፣ ጋዜጦች፣ ግለ ታሪኮች፣ የቃል ምስክርነትና ሥነ ጽሑፍ ናቸው ብለሽ ደርድረሻል። ልክ ነሽ። ግን እንዲህ በስም ብቻ ሲደረደሩ የትኛው ምን እንደሚናገር፣ የትኛው ምን እንደሚደብቅ አይታይም። አንድ ቀን ምረጪና ሁሉንም እሱ ላይ ፈትኛቸው። እኔ ብሆን ኤፕሪል 13 ቀን 1919 እ.ኤ.አ.ን እመርጥ ነበር። በፑንጃብ፣ በአምሪትሳር ከተማ፣ ጃሊያንዋላ ባግ በተባለው ዙሪያውን በግንብ በተከበበ ሜዳ ላይ የብሪታንያ ጦር አዛዥ የነበረው ጄኔራል ዳየር በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ያስተኮሰበት ቀን ነው።

አንቺ 379 ሰው ሞተ ብለሽ አልፈሻል። ይህ መንግሥት ያቋቋመው የሀንተር ኮሚቴ የተቀበለው ቁጥር ነው። ቆጠራው የተጀመረው ወራት ካለፉ በኋላ ነው፤ ከተማዋ በወታደራዊ ሕግ ሥር ሰንብታ ስለነበር፣ ወገኔ እዚያ ሞቷል ብሎ መመዝገብ ብዙዎችን ያስፈራ ነበር። የሕንድ ብሔራዊ ኮንግረስ በበኩሉ ሟቾቹ ወደ 1,000 ይጠጋሉ ብሏል። ሁለቱንም ጻፊ፤ ከየቁጥሩ አጠገብም ማን እንደቆጠረው ግለጪ።

የመንግሥት ወረቀት ሁሉ ውሸት ነው ማለቴ ግን አይደለም። ዳየርን ከማንም በላይ የሚያጋልጠው ራሱ ለሀንተር ኮሚቴ የሰጠው ቃል ነው። 1,650 ጥይት መተኮሱን፣ መትረየስ የጫኑት ብረት ለበስ መኪኖች መግቢያው ባይጠባቸው ኖሮ ሳይጠቀምባቸው እንደማይቀር ያመነው እዚያ ነው። ስለ መትረየሱ የሰጠው መልስ የወጣው ደግሞ እንደ ቺማንላል ሴታልቫድ ያሉ የኮሚቴው ሕንዳውያን አባላት አጥብቀው ስለጠየቁት ነው። ስለዚህ የምርመራ ቃል ስታነቢ መልሱን ብቻ ሳይሆን ጥያቄውንና ጠያቂውን ተመልከቺ።

ጋዜጦቹ ዘንድ ስትደርሺ ዝምታቸው አያታልልሽ። ፑንጃብ ውስጥ ሳንሱር ነበር። የቦምቤይ ክሮኒክል አዘጋጅ ቤንጃሚን ሆርኒማን በዚያው ወር ከሕንድ ተባረረ። በአገሬው ቋንቋዎች የታተሙትን ብዙ ጊዜ የምናገኛቸው ደግሞ የቅኝ ገዥው ቢሮ ለባለሥልጣናቱ በእንግሊዝኛ ባሳጠረው ማጠቃለያ በኩል ነው። እዚያ ውስጥ የሚገባውንና የሚቀረውን የመረጠው ሕዝቡን የሚፈራ መንግሥት ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚይዘኝ በዚያ ቀን ባሏን ያጣችው የራታን ዴቪ ቃል ነው። ለኮንግረስ አጣሪዎች የሰጠችው ነው። ሰዓት እላፊ ታውጆ ስለነበር የባሏን አስከሬን የሚያነሳላት ሰው አጣች። ውሾች እንዳይነኩት ዱላ ይዛ፣ በሙታንና በቁስለኞች መካከል ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጣ አደረች። ስንት ሰው እንደሞተ ልትነግርሽ አትችልም። ቁስለኞቹ ያለ እርዳታ እንዴት እንዳደሩ ግን የዳየር መዝገብ አይነግርሽም፤ እሷ ትነግርሻለች። «የቃል ምንጭ ስሜት ስለሚበዛበት አይታመንም» ያልሽውን ዓረፍተ ነገር ሰርዢልኝ። የእሷ ቃልም እንደ ጄኔራሉ ቃል ይመርመር፣ እንደ እሱም ይከበር።

ግጥሙንም አትናቂው። ከእልቂቱ የተረፈው ናናክ ሲንግ ስለ ቀኑ በፑንጃቢ የጻፈው ረጅም ግጥም በ1920 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወዲያው ታገደ። ሕዝቡ ምን እንደተሰማው ግጥሙ ይነግርሻል፤ መንግሥት ምን እንደፈራ ደግሞ እገዳው። ገጣሚው ታጎር የሰርነት ማዕረጉን ሲመልስ ለብሪታንያው የሕንድ እንደራሴ የጻፈውን ደብዳቤም ጨምሪበት። ግንቡ ላይ የጥይቶቹ ቀዳዳዎች ዛሬም አሉ።

መዛግብቱ ኒው ዴልሂ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ለንደን በሚገኘው ብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ዛሬ ማታ ሁሉንም አንብቢ አልልሽም። የራታን ዴቪን ቃልና የዳየርን ምርመራ ጎን ለጎን አንብቢያቸውና ገጹን እንደገና ጻፊው። 379 ብቻውን የቆመበትን ረቂቅ ግን አደራሽን እንዳታስረክቢ።