ቪትዜን ልሽጥ ወይስ ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ ሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተከራይቼ ነው የምኖረው። የ2002 ሞዴል፣ ባለ አንድ ሺህ ሲሲ ቪትዝ አለችኝ። ጠዋት ሳስነሳት ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች፤ ወዲያው ይጠፋል። ጓደኞቼ «ሳትጥልህ ሽጠህ ኤሌክትሪክ ግዛ» ይሉኛል። መብራት የምንጠቀመው ከሌሎች ተከራዮች ጋር በአንድ ቆጣሪ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ለጊዜው አይሽጧት። ምክንያቴን ራስዎ በመጨረሻ ጽፈውታል፦ ቆጣሪው።

የኤሌክትሪክ መኪና የሚያዋጣው ሌሊት ቤት ውስጥ ሲሞላ ነው። ተራ ሶኬት 10 አምፔር ቢሰጥ 2.2 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ በአሥር ሰዓት ውስጥ መቶ ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ይሞላል። ለከተማ ሰው ይበቃል። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ያንን የሚሸከም ወፍራም ሽቦ፣ በደንብ የተቀበረ ኧርዝና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። በጋራ ቆጣሪ ደግሞ ወር በመጣ ቁጥር ከጎረቤት ጋር መነታረክ ነው።

አንዴ ከሸጡ መመለሻው ከባድ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ቢቆጭዎ የሚገዙት እዚሁ ያለውን ያረጀ መኪና ነው፣ ያውም ሻጩ በጠራው ዋጋ።

ስለ ጭሱ፣ «ሞተሩ ይውረድ» የሚል መካኒክ ቢያጋጥምዎ አይቸኩሉ። ጠዋት ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ አብዛኛውን ጊዜ የባልቮላ ጎሚኒ ደርቆ ሌሊት ዘይት ስላንጠባጠበ የሚመጣ ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጧትም ከቀጠለ ግን ፋሻው ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፕሬሽን ያስለኩ። እስከዚያው በየሳምንቱ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመው የዘይት መለኪያውን መዘው ይዩ። የዚህች ሞተር ካቴና የሚኖረው በዘይት ነው። ዘይት አንሶ ጠዋት ጠዋት መንኳኳት ከጀመረች ጨርሰው አይንዷት፤ ያኔ ወጪው የጎሚኒ አይሆንም።

የአየር ፊልትሮውንም ችላ አይበሉ። በሳሪስ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ትንሿ ሞተር ያላት ትንፋሽ ያ ብቻ ሆኖ ሳለ የቃሊቲ መንገድ የከባድ መኪና አቧራ ሲደፍንባት ነዳጅ አብዝተው ለመርገጥ ይገደዳሉ፤ ቤንዚን ደግሞ ሊትሩ ከ100 ብር አልፏል። ፍጆታዋን ለማወቅ ታንኩን አፉ ድረስ ሞልተው ጥቂት ቀን ይንዱ፣ እንደገና ይሙሉና ኪሎ ሜትሩን ለተጨመረው ሊትር ያካፍሉ። በየወሩ መዝግበው ይያዙት፤ ቁጥሩ ሲወርድ ፊልትሮ፣ ካንዴላና የጎማ ነፋስ ይታይ።

የራስዎ ቆጣሪ ከገባ በኋላ ኤሌክትሪክ ለመግዛት ሲወጡ በቀለሙ አይማረኩ። መሙያ ቀዳዳውን ይዩ፦ ለቻይና ገበያ የተሠሩት ጂቢ/ቲ የሚባለውን ይዘው ይመጣሉ፣ የአውሮፓውያኑ ደግሞ ሌላ ነው፤ አንዱ ከሌላው መሙያ ጋር በቀጥታ አይገጥምም። ያገለገለ ከሆነ ባትሪው ስንት በመቶ እንደቀረው በኮምፒውተር ሳያስነብቡ ቀብድ አይስጡ። ለአሁኑ ግን ውል ሲያድሱ ከአከራይዎ ጋር የቆጣሪውን ጉዳይ ይነጋገሩ።