ቆቦ ላይ ላም ወይም ቀፎ ከመግዛትዎ በፊት

ከውጭ ተመልሶ ቆቦ፣ ሮቢት ወይም ጎብዬ አካባቢ መኖር የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው የከብት ዋጋ ነው። ከብቱማ ብር ካለ ይገኛል፤ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት የት ይግጣል የሚለው ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የገጠር ይዞታ በግዢ አይገኝም። ከዘመድ ቢከራዩ እንኳ ውሉን በጽሑፍ አድርገው በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ። ጉዳዩ የሚታየው በአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው።

ለዕለት ኑሮ ግን ከአዋጁ ይልቅ የሚያስፈልግዎት የቀበሌው ውስጠ ደንብ ነው። የትኛው ተራራ ከግጦሽ እንደተከለለ፣ ማሽላው ከተነሳ በኋላ ከብት መቼ ማሳ እንደሚገባ፣ የጣሰ ስንት እንደሚቀጣ ከሽማግሌዎቹ ይጠይቁ፤ የአንዱ ቀበሌ ደንብ ለሌላው አይሠራም። ራያ ላይ አገዳ የበጋው ቀለብ ነው፤ የሰው ክምር ላይ የገባ በሬ ትልቅ ጠብ ያስነሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2071 ከብቱ አምልጦ ላደረሰው ጉዳት ሳይቀር ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። ባለማሳው ከብቱን ለካሳው መያዣ አድርጎ ማቆየት ይችላል። «እረኛ ቀጥሬያለሁ» ማለት ብቻውን አያድንም።

ዓመቱን ሙሉ አገር ቤት የማይቀመጡ ከሆነ ላሚቱን በርቢ መስጠት ይሻላል። ጥጃው እንዴት እንደሚካፈል፣ ላሚቱ ብትሞት ጉዳቱ የማን እንደሆነ ሽማግሌ ባለበት ይስማሙ። ዘመድ ነው ብሎ ማፈር በኋላ ያጣላል። ለአባ ሰንጋና ለአባ ጎርባ ክትባት ደግሞ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያግኙ።

ሰፊ መሬት ለሌለው ሰው እኔ የምመክረው ንብ ነው። የአገራችን ንብ ቁጡ ስለሆነ ቀፎውን ከመንገድ፣ ከበረትና ልጆች ከሚጫወቱበት ያርቁት፤ ቆላ ነውና ጥላና ውሃ አይጉደልበት። ትልቁ ጠላቱ ፀረ ተባይ ነው። ጎረቤትዎ ማሳው ላይ የሚረጭበትን ቀን አስቀድሞ እንዲነግርዎ ይስማሙ። ቀፎውን ጥሎ የወጣ መንጋ ካለ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ በዚያው ቀን ይከተሉት፤ ካልተከተሉት የእርስዎ መሆኑ ይቀራል።

ውሻ ይዘው የሚመጡ ከሆነ ስለ መመለሻውም ያስቡ። አሜሪካ ኢትዮጵያን የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች ጋር መድባታለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከኢትዮጵያ ለሚገባ ውሻ የደም ምርመራ ይጠይቃል። ክትባቱን፣ ማይክሮቺፑንና ወረቀቱን ከመነሳትዎ በፊት እዚያው ይጨርሱ።